እራቱ ቀዘቀዘ

ኤጂዲዮ ካፓሶ ስለዚያ ፊልም በተጠየቀ ቁጥር የሚናገራት አንዲት አባባል ነበረችው። «ቴአትር ጉሮሮ ነው፣ ሲኒማ ፊት ነው» ይላል። ፓሪስ ብሏታል፣ ሚላኖ ብሏታል፣ ለጋዜጠኛም ለተማሪም ብሏታል፣ አንገቱ ላይ ምላጭ ይዞ ለቆመ ፀጉር አስተካካይ ሳይቀር ብሏታል። ስትነገር ታምራለች፣ ሰውም ማስታወሻው ላይ ይጽፋታል። እሱም ደጋግሞ ሲላት ከጊዜ በኋላ ራሱ አመናት። ሰባ ዓመቱን ሊደፍን ሲል ግን ይቺው አባባል እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮው ውስጥ ተሰንቅራ ቀረች፤ እንዴት እንደተሰነቀረች ነው የምነግራችሁ።

ፊልሙ «የካርሚኔ እራት» ይባላል። ተውኔቱን እዚህ ናፖሊ የማያውቀው የለም፤ አያቶቻችን ዳቦ ከኪሳቸው እየቆረሱ ያዩት ነው። ባሏ ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ የቀረባት ቪንቼንሳ የምትባል ሴት አለች። ሞቷል ቢሏት አሻፈረኝ ብላ በየማታው ሁለት ሳህን ፓስታ በአደንጓሬ ታቀርባለች። ዘመድ ይመክራታል፣ ቄስ ይገስጻታል፣ በመጨረሻ ልጆቿም ጥለዋት ይሄዳሉ። ብቻዋን ስትቀር መስኮቱን ትከፍትና ወደ መንገዱ «ካርሚኔ! ና ውጣ፣ እራቱ ቀዘቀዘ!» ብላ ትጣራለች። መጋረጃው ይዘጋል። ይኸው ነው እንግዲህ። ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ፣ ሳቁም ለቅሶውም፣ ለዚያች ጥሪ መንደርደሪያ ነው። ሰው ቲኬት የሚቆርጠው እሷን ሊሰማ ነው። ዘግይቶ የደረሰ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች ቢያመልጡት ግድ አይሰጠውም፣ «ጠራችው እንዴ?» ብሎ ብቻ ይጠይቃል፤ ገና ከተባለ እፎይ ብሎ ይቀመጣል።

ጥሪዋ የራሷ ደንብ ነበራት። ልምምድ ላይ አትጠራም። ተዋናይቷ መስኮቱ ጋ ስትደርስ ትከፍታለች፣ ወደ ታች ታያለች፣ አንድ ቃል ሳትተነፍስ ትዘጋለች። ተመልካች በሌለበት ካርሚኔን መጥራት እውነተኛ ሙት መጥራት ነው፤ ተመልካች ካለ ግን ጨዋታ ይሆናል፣ ጉዳት የለውም ይባላል። ስለዚህ ጥሪውን ማንም ለማንም ቁጭ ብሎ አያስተምርም። ተተኪዋ ዓመታትን ከመጋረጃ ጀርባ ቆማ በጆሮዋ ትለቅመዋለች። የእኛ ዘመን ቪንቼንሳ፣ ዶና ኑንዚያ ማዳሎኒም እንዲያ ነው ያገኘችው፤ አንዷ ከአንዷ በጆሮ እየወሰደች እሷ ጋ የደረሰ ነገር ነው።

የዶና ኑንዚያን ድምፅ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ቆንጆ አልነበረም። ጠዋት ከደረጃ ላይ ቆማ አትክልት ሻጩን ስትሰድበው የሚሰማው ያው ሻካራ ድምፅ ነው። «ካርሚኔ» ስትል ግን የስሙን መጨረሻ አትጥለውም፣ ወደ ላይ ታነሳዋለች፣ አሁን መልስ የሚመጣ ይመስል። ከዚያ ዝም ትላለች። ሰገነት ላይ ያለው ወደብ ጫኝ ሁሉ፣ ጢሙን ጠምዝዞ የመጣው ሁሉ፣ እዚያች ዝምታ ውስጥ ልቡ ይቀልጣል። «እራቱ ቀዘቀዘ»ን የምትለው ቀስ ብላ ነው፣ መልስ እንደማይመጣ የገባት ያን ጊዜ ነው። አንጀት ይበላ ነበር።

ኤጂዲዮ እዚያው ቴአትር ቤት ነው ያደገው። እናቱ ልብስ ሰፊ ነበረች። ገና ሳይራመድ በተሰቀሉ ቀሚሶች ሥር ይተኛ ነበር፣ ሲያለቅስም የምታባብለው ዶና ኑንዚያ ናት። እሷ «ልጄ» ትለዋለች፣ እሱ «እርስዎ» ይላታል። ሠላሳ ሳይሞላው ሮማ ሄዶ ፊልም ሥራ ከለመደ በኋላ «የካርሚኔ እራት»ን ሲኒማ አደርገዋለሁ ብሎ ተነሳ፤ ገንዘብ የሚያወጣለት ፓንክራዚ የሚባል ሰውም አገኘ። ቪንቼንሳን ማን ይጫወታል ተብሎ አልተጠየቀም፤ ዶና ኑንዚያ ናት።

መጀመሪያ እምቢ አለች። ካሜራ ተመልካች አይደለም አለች፤ ዓይን እንጂ ጆሮ የለውም፣ ለእሱ ብዬ ሙት አልጠራም። ኤጂዲዮ ለምኖ ለምኖ ሲያቅተው መላ መታ። ጥሪውን እሷ በተወለደችበት ጠባብ መንገድ፣ በራሷ መስኮት ላይ እቀርጻለሁ፣ ከታች የሰፈሩን ሰው ሁሉ አቆምልዎታለሁ፣ ለእነሱ ይጠራሉ ብሎ ላከባት። እሺ አለች፤ ግን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ድገሚ ብትለኝ ካርሚኔ ሳይሆን አንተ ነህ የምትቀበረው አለችው።

እዚህ ላይ ስለዚያ ጊዜ አሠራር አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። በዚያ ዘመን በእኛ አገር ፊልም ሲቀረጽ ድምፅ ከቁም ነገር አይቆጠርም ነበር። ካሜራው እንደ ወፍጮ ይጮኻል፣ ሠራተኛው ያወራል፣ መዶሻ ይመታል። ዋናው ድምፅ በኋላ ሮማ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ ተዋናዩ ሥዕሉን እያየ አፉን እየገጠመ ነው የሚቀዳው። ቀረጻ ላይ የሚያዘው ለማስታወሻ ያህል ነው። ስለዚህ ዳይሬክተሮቻችን ካሜራው እየሠራ ከጎኑ ቆመው ይጮኹ ነበር። ና፣ ሂድ፣ ዙር፣ አልቅስ። ለምን ዝም ይላሉ? የሚሰማቸው የለም።

የቀረጻው ዕለት ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። ኤጂዲዮ ከፊት ለፊቱ ሕንፃ በረንዳ ላይ ከካሜራው ጎን ቆመ። ዶና ኑንዚያ መስኮቱን ከፈተች፣ ጠራች፣ ዘጋች። ከታች የቆመው ሕዝብ አላጨበጨበም፣ ሴቶቹ ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ዝም ብለው ወደየቤታቸው ገቡ። ኤጂዲዮ በካሜራው ያየው ፊት እስከዛሬ ከሕልሙ አይጠፋም። ሥራው ተሳካ ብሎ የካሜራ ሠራተኛውን ግንባሩን ሳመው።

ከዚያ ሮማ። ፓንክራዚ ሥዕሉን አይቶ አለቀሰ፣ ድምፁን ሲሰማ ግን ፊቱን አጨማደደ። ይቺን ሴት ሚላኖ ማን ይሰማታል? ቶሪኖ ማን ይሰማታል? እንኳን ንግግሯ ትንፋሿ የናፖሊ ነው አለ። ንጹሕ ጣሊያንኛ የምትናገር የሮማ ሴት አስመጣ፣ ጨለማው ክፍል ውስጥ አስገባት፣ ዶና ኑንዚያ አፏን በከፈተች ቁጥር ሴትዮዋ ተናገረች። ኤጂዲዮ ተከራከረ? በእርግጥ ተከራከረ፤ ከምሳ እስከ ቡና። ቡናው ሲመጣ ተስማማ። ያቺ «ሲኒማ ፊት ነው» የምትለው ነገር ያን ዕለት ጠረጴዛው ላይ ነው የተወለደችው፤ መጀመሪያ ያለውም ፓንክራዚ እንጂ እሱ አልነበረም። ለዶና ኑንዚያ ግን ወሬውን ማን ይንገራት? ዛሬ እነግራታለሁ ነገ እነግራታለሁ ሲል ምርቃቱ ደረሰ።

ናፖሊ ላይ ሲታይ ዶና ኑንዚያ ሰፈሯን አስከትላ ፊት ወንበር ተቀመጠች። ፊቷ እንደ ቤት የገዘፈ ሆኖ መጣ፣ ሰው አጨበጨበ። አፏን ስትከፍት እንደ ፋርማሲ ወለል የተወለወለ የማታውቀው ድምፅ ወጣ። አዳራሹ ክው አለ። ከላይ፣ ከሰገነቱ፣ አንድ ሰው «ዶና ኑንዚያ፣ ማን ነው የዋጠሽ?» አለ። ሳቅ ፈነዳ፤ ምን ይደረግ፣ የእኛ ሰው የሚያስለቅሰውን ነገር ሁሉ መጀመሪያ ይስቅበታል። እስከ ጥሪው ድረስ ሳቁት። ጥሪው ሲመጣ የሮማዋ ሴት «ካርሚኔ»ን እንደ ዘፈን አዝማች ሳብ አድርጋ ለቀቀችው። ሳቁም ቆመ፣ ለቅሶውም አልመጣ።

መብራት ሲበራ ኤጂዲዮ መሬት ተከፍቶ ቢውጠው ደስ ባለው። ዶና ኑንዚያ መጣች፣ ጉንጩን ሳመችው፣ «ፊቴን ጥሩ አድርገህ አነሳኸው፣ ልጄ» አለችው። ብትሰድበው፣ በጥፊ ብትለው ይሻለው ነበር። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር ቃል አልተነፈሰችም።

ፊልሙ ውጭ አገር ሽልማት አገኘ። ኤጂዲዮም ሽልማቱን ታቅፎ ከዚያ ወዲህ የሠራው ሁሉ አንዱ ከአንዱ የባሰ ሆነ። ዶና ኑንዚያ መድረክ ላይ ቆየች፤ ነገር ግን ፊልሙን አይቶ የሚመጣው እንግዳ ተመልካች እየበዛ «ፊልሙ ላይ ድምፅዎ ያምር ነበር፣ አሁን ምን ነካዎት?» ይላት ጀመር። ቴአትር ቤቱ ተሸጠ፣ ዛሬ የውስጥ ልብስ መሸጫ ነው። ጥሪውን በጆሮዋ ለመልቀም ከመጋረጃ ጀርባ የምትቆም ልጅ ጠፋች፤ መጋረጃውም የለም። በመጨረሻ ጉሮሮዋ ታመመ፣ ሐኪሞች ቆርጠው አወጡት። ድምፅ የሚባል ነገር አልቀረላትም።

እንግዲህ ናፖሊ ምላስ ያጣ ሰው ዲዳ አይሆንም፤ እጅ አለን። ዶና ኑንዚያ በእጇ ትሳደባለች፣ ትከራከራለች፣ ከመስኮት ዓሣ ትገዛለች። ኤጂዲዮ እሁድ እሁድ ሪኮታ አይብ የተሞላ ኬክ ይዞ ይጠይቃታል፣ እሷም ኬኩ ትናንት የተጋገረ ነው ብላ በጣቷ ታሾፍበታለች። እንዲህ እየሆኑ አረጁ።

ባለፈው ክረምት ነው ልጇ አዳልጂዛ ስልክ የደወለችለት። ሐኪሙ ብዙ ተስፋ አልሰጠም አለችው። ከዚያ «ዶን ኤጂዲዮ፣ እማዬ በእጇ አየር ላይ መስኮት ከፈተች፣ ከዚያ ጆሮዋን ያዘች። ምን ማለቷ እንደሆነ ከኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ» አለችው።

አወቀ። አርባ ዓመት ሙሉ ያልጠየቀችውን አሁን ጠየቀችው። ከመሞቷ በፊት ጥሪዋን አንድ ጊዜ መስማት ትፈልጋለች። ማንኛዋም ተዋናይት የራሷን ጥሪ ሰምታ አታውቅም፤ ከውስጥ ሆኖ አይሰማም ይላሉ።

ኤጂዲዮ ተነሳ። እግሩ ታሞ በዱላ የሚሄድ ሰው፣ የሃያ ዓመት ልጅ ሆነ። ሬዲዮ ጣቢያ ሄደ፤ ተውኔቱን ድሮ ቀድተውት ነበር፣ ግን በቴፑ ላይ የእግር ኳስ ጨዋታ ደርበው ቀድተውበታል አሉት። የድሮ ተዋንያን ጋ ሄደ፣ ከእነሱ ብዙዎቹ መቃብር ውስጥ ናቸው፣ የቀሩትም አያስታውሱም። አንዱ ጓዳው ውስጥ ቴፕ አለኝ ብሎ አስጠርቶት ሲያጫውተው የሠርግ ሙዚቃ ሆነ። ተስፋ ሊቆርጥ ሲል አሮጌ ፊልሞች ከሚያድሱት ዘንድ ሎረዳና የምትባል ሴት ደወለችለት። «የካርሚኔ እራት»ን እያደሱ ነበር፣ ለፊልም በዓል ሊያሳዩት። ከካርቶኖቹ ውስጥ የቀረጻው ቦታ ድምፅ፣ ያ ለማስታወሻ የተያዘው፣ ተገኝቷል አለችው። የመስኮቱም አለ።

ስልኩን ይዞ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሎረዳና ቀድመው ይምጡና ይስሙት፣ ምክንያቱም ድምፁ ላይ አንድ ነገር አለ ልትል ጀመረች። አላስጨረሳትም። ጩኸት ቢኖረውስ? ካሜራው ቢያንኳኳስ? ዶና ኑንዚያ ወደብ ጫኞች እያስነጠሱ ጠርታለች! አይሆንም፣ አልሰማም አላት። የካርሚኔ ጥሪ ያለ ተመልካች አይሰማም፣ ደንብ ነው፤ ሰፈሩ በተሰበሰበበት፣ እሷ ባለችበት ነው የምሰማው። ሎረዳና የሰሜን፣ የቦሎኛ ሰው ናት፣ እንደ እኛ በሰው ላይ መጮኽ አልለመደችም። «ዶን ኤጂዲዮ፣ ግን እኮ…» ስትል እንደገና አቋረጣት። እሷም ሽማግሌ አትሞግትም፣ ተወችው።

እሱ በበኩሉ ዕለቱኑ ዶና ኑንዚያ ጋ ሮጠ። አልጋዋ አጠገብ ተንበርክኮ ድምፅዎን አገኘሁት አላት። ዓይኖቿ ውስጥ የበራውን ነገር አይቶ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ እምቢ አለው፣ በደስታ። አንድ ነገር በሕይወቱ ቢያስተካክል ይኸው ነው። ፊቷን ወስዶ ድምፅዋን የጣለ ሰው፣ ድምፅዋን መልሶ ሊያስረክባት ነው። ከዚያ ወዲያ ቢሞትም ግድ የለውም።

ቀኑ ደረሰ። አዳልጂዛ የእናቷን ፀጉር ሠራች፣ ጥቁር ቀሚሷን አለበሰቻት፣ ትራስ ደግፋ መስኮቱ አጠገብ አስቀመጠቻት፣ ያው መስኮት። ሰፈሩ ወንበር ወንበሩን ተሸክሞ መጣ። ክፍሉ ሞላ፣ ደረጃው ሞላ፣ የቀረው ከታች መንገዱ ላይ ቆመ። ያን የቀረጻ ዕለት የነበሩ አሮጊቶች አሁን ላልነበሩት ያወራሉ። አንዷ ከቤቷ ፓስታ በአደንጓሬ ሁለት ሳህን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ያለ ቃል አስቀመጠች። ሎረዳና ማጫወቻዋን ሰካች፣ ኤጂዲዮን አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችው። እሱ ግን ከዶና ኑንዚያ ጎን ወንበሩ ላይ ክራቫቱን አስተካክሎ ተቀምጧል።

ማጫወቻው መንኳኳት ጀመረ፣ ካሜራው ነው። ከዚያ የአንድ ወጣት ድምፅ ከሁሉም በላይ፣ ከቅርብ፣ ጥርት ብሎ ወጣ።

«ጀምሪ! መስኮቱን ክፈቺ። ቀስ በዪ፣ ቀስ። ወደ ታች እዪ።»

ኤጂዲዮ መጀመሪያ ማን እንደሆነ አላወቀውም። አንድ ባለጌ፣ ዶና ኑንዚያን አንቺ የሚል።

«ካር…» አለ ከሩቅ ሻካራ የሴት ድምፅ፤ ክፍሉ ውስጥ የነበሩት አሮጊቶች ሁሉ አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«አገጭሽን ቀና! እንዲያ! ዓይንሽን አትጨፍኚ፣ ብርሃኑ ይግባበት! ቆንጆ፣ ቆንጆ፣ አሁን እንባው ይምጣ፣ ይምጣ፣ ወደ ግራ ዞር፣ ዝም ብለሽ እዪ፣ ያቺን ዝምታ አቆዪያት!»

ያቺን ዝምታ አቆዪያት እያለ ይጮኽ ነበር፣ ዝምታዋ ላይ። ከእሱ ጩኸት ሥር የሆነ ነገር ይሰማል፣ የሰው ድምፅ መሆኑ ብቻ ይታወቃል፣ ከጎረቤት ቤት በግድግዳ በኩል እንደሚመጣ ወሬ። መጨረሻ ላይ «…ዘቀዘ» የምትል ቁራጭ ወጣች። ወዲያው ያ ወጣት በደስታ፣ ሳቅ ባለበት ድምፅ፣ «በቃ! አቁሙ! ድምፁን በኋላ እናገኘዋለን!» አለ።

ማጫወቻው ቀጭ ብሎ ቆመ። ከደረጃው ላይ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣውን ደፍቶ ወረደ። ኤጂዲዮ ሎረዳና ላይ ዞረ፤ ይለይ እንጂ፣ የእኔን አውጪውና የእሷ ይትረፍ፣ ዛሬ መሣሪያው ሞልቷል እያለ ይለማመጣት ጀመር። ሎረዳና መሬት መሬቱን እያየች ማይክሮፎኑ አንድ ብቻ እንደነበር፣ ያም ካሜራው ላይ፣ ኤጂዲዮ ከቆመበት አጠገብ እንደነበር ነገረችው። ብዙ ሞክረናል አለች። የእርስዎን ስናወጣ የእሷም አብሮ ይወጣል።

ዶና ኑንዚያ ጣቷን በአየር ላይ አዞረች። ድገሚው ማለቷ ነው። አዳልጂዛ «እማዬ፣ ይቅርብሽ» አለቻት። አሮጊቷ እንደገና ጣቷን አዞረች፣ በቁጣ። ሎረዳና ምን ታድርግ፣ ደገመችው።

ካሜራው አንኳኳ። መስኮቱን ክፈቺ፣ ቀስ በዪ። ዶና ኑንዚያ ወደ ማጫወቻው ጎንበስ አለች፣ ጆሮዋን አስጠጋች፣ ፊቷ ያ ኤጂዲዮ በካሜራ ያየው ፊት ሆነ። «ካር…» አለ ድምፅዋ። እዚህ ላይ ሳትዞር፣ ዓይኗን ከማጫወቻው ሳትነቅል፣ እጇን ወደ ጎን ዘርግታ ኤጂዲዮን አፉ ላይ ያዘችው። አጥንቷ የወጣ፣ ሳሙና ሳሙና የሚሸት እጅ። ጥርሱ ከንፈሩን እስኪጎዳው ድረስ አጥብቃ ያዘችው።

እሱ ምንም እያወራ አልነበረም። እያወራ ያለው ያኛው፣ ቴፑ ውስጥ ያለው ወጣት ነበር፣ አገጭሽን ቀና፣ ቆንጆ፣ ቆንጆ፤ እሷ ደግሞ እጇን ይበልጥ እየተጫነች ትጠብቃለች፣ ዝም እስኪል።